ፊቷን የማታዞረው ትርሲት

በኅዳር ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ በቤይሩት ዳርቻ ባለችው ጅዴይዴ ውስጥ ከመኖሪያ ሕንፃዎች ጀርባ በሚያልፈው አሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ፣ ሰሌዳ የሌለው ነጭ ፒክአፕ ትርሲትን ከኋላዋ ገጭቶ ገደላት። አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ድሬዳዋ ተወልዳ አሥራ ስድስት ዓመት ቤይሩት ኖራለች። ስትሞት ሥራ ላይ ነበረች። ሥራዋም መቆም ነበር።

ቤይሩት ባቡር የላትም። ሐዲድ ግን አላት። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ወዲህ መደበኛ ባቡር ያልሄደበት ሐዲድ በከተማዋና በዳርቻዎቿ አስፋልት ሥር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ አንዳንድ ቦታም ከሰው ሳሎን ወለል በታች ተኝቷል። አንድ የሥራ ተቋራጭ ከጅዴይዴ ወደ ወደቡ አቅጣጫ ያለውን አጭር ቁራጭ እንዲጠግን ሥራ ተሰጠው። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ሐዲዱ የሚተኛበትን የበሰበሰ እንጨት አውጥቶ በአዲስ መተካት፣ የዛገውን ሐዲድ መለወጥ፣ ከዚያም ጠዋትና ማታ ሠራተኛ የምታመላልስ ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር ማስኬድ። እኔ ይህንን ልዘግብ ለአንድ ቀን ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ እመላለስ ጀመር፤ ያመላለሰኝም ሐዲዱ አልነበረም።

መጀመሪያ ያየሁት ጀርባዋን ነው። ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሳ፣ ቀይ የፕላስቲክ ጥሩንባ በአንገቷ አንጠልጥላ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ በሐዲዱ መሀል ቆማለች። በአማርኛ ሰላም አልኳት።

«ደህና አደርሽ እህቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከሐዲዱ ውረድና እናውራ፣ ጋሼ።»

ፊቷን አላዞረችም። ጋሼ መሆኔን በምን እንዳወቀች ጠየቅኳት።

«ጫማህ ይጎተታል። ወጣት እንዲህ አይራመድም።»

ጋዜጠኛ መሆኔን ነግሬ ፊት ለፊት ብናወራ እንደምመርጥ ገለጽኩ። «ፊቴን ምሳ ሰዓት ላይ ታየዋለህ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሁሉ ከሐዲዱ ወርዶ ጥላ ሥር ከተቀመጠ በኋላ መጣች። ከአገጯ እስከ ጆሮዋ የሚደርስ የቆየ ጠባሳ ነበራት። ሳቅ ስትል ጠባሳው አብሮ ይሳባል።

የሥራው ቦታ አቀማመጥ እንዲህ ነው። በአንደኛው ጫፍ ሐዲዱን የሚዘጋ የኮንክሪት ግንብ አለ። በሌላው ጫፍ ናዲም የሚባል ሰው ሐዲዱን በአስፋልት ሸፍኖ የሠራው የመኪና ማቆሚያ አለ። ሠራተኞቹ በሁለቱ መሀል ይቆፍራሉ፣ ያነሳሉ፣ ያጠብቃሉ። የድንጋይ መብሻው ጄኔሬተር ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፤ ከጎኑ የሚሠራ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳን አይሰማም። ትርሲት በናዲም በኩል ባለው ጫፍ፣ ለሠራተኞቹ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ዓይኗን ከመኪና ማቆሚያው ላይ ሳታነሳ ትቆማለች። አደጋ ካየች ጥሩንባውን ትነፋለች።

ደንቡን ያወጣችው እሷ ነበረች። ጥሩንባ ሲሰማ ማንም ዞሮ አያይም፤ ምንድነው ብሎ አይጠይቅም። የያዘውን እቃ እዚያው ይጥልና በሕንፃዎቹ በኩል ወዳለው ቦይ ይወርዳል። መጨረሻ የወረደው ሰው «ኸላስ!»፣ አበቃ፣ ብሎ ይጮኻል። ጠባቂዋ «ኸላስ» እስክትሰማ ድረስ ትነፋለች፤ ከቦታዋ አትነቃነቅም፤ ፊቷንም አታዞርም። መሣሪያ አትነካም። አትቀመጥም።

ይህንን ከአባቷ ነው ያመጣችው። አባቷ ድሬዳዋ የሐዲድ ጠጋኞች ጠባቂ ነበሩ። አንድ ቀን በረሃ ውስጥ ሲሠሩ ሻይ የሚያፈላው ሰው ከኋላቸው ጠራቸው። ኩባያውን ለመቀበል ዞሩ። በሐዲድ የምትሄድ የፍተሻ ጋሪ በኩርባው በኩል መጥታ ሁለት ሠራተኛ ገጭታ ገደለች።

«ኩባያው በእጁ ነበር አሉ» አለችኝ ትርሲት። «እኔ ያየሁት ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ሻይ እንደማይጠጣ ብቻ ነው። ሌላውን እናቴ ናት የነገረችኝ።»

ያየችውን ከሰማችው ለይታ የምትናገር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። በሙያዬ ዘመን ካነጋገርኳቸው ባለሥልጣናት መሀል እንኳን ጥቂት ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሠራተኞቹ ይስቁባት ነበር። ባቡር በሌለበት አገር ባቡር ትጠብቃለች ይሏታል። እሷ ደግሞ ለልምምድ እያለች ያለ ምንም ምክንያት ጥሩንባውን ትነፋለች። ቡሎን የሚያጠብቀው ኢድሪስ ከሁሉም ይብስ ነበር። ከገዳሪፍ የመጣ ሱዳናዊ ነው፤ በር ሙሉ የሚያህል ሰው፤ አማርኛ ከጎረቤቶቹ ተምሯል። አንድ ቀን በልምምዱ ላይ ረጅሙን የቡሎን መፍቻ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እየተንጎራደደ፣ ከሁሉም በኋላ ወደ ቦዩ ወረደ።

«ኢድሪስ፣ ና ወዲህ» አለችው።

መፍቻውን እንደያዘ ሄዶ ከፊቷ ቆመ።

«መፍቻውን ለምን ይዘህ ወረድክ?»

«ውድ ነው፣ ሀቢብቲ። ባቡሩ እስኪመጣ በደንብ ላስቀምጠው ብዬ።»

በጥፊ መታችው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም አገጩ ላይ ወረደ። የማልረሳው ግን ዓይኗን ነው። ስትመታው እሱን አላየችውም። በብብቱ ሥር አሳልፋ የመኪና ማቆሚያውን ነበር የምታየው።

«መፍቻ ሱቅ አለ» አለች። «ኢድሪስ የሚሸጥበት ሱቅ የት አለ?»

«እናቴ እንኳን እንዲህ አልመታችኝም» አለ ደሙን እየዋጠ።

«እናትህ ሐዲድ ላይ አላሳደገችህማ።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ኢድሪስም ሳቀ። መፍቻውን መያዝ ግን አልተወም።

ናዲምን ሁለት ጊዜ አነጋግሬዋለሁ። የፕላስቲክ ወንበር አቅርቦ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጥቶ፣ «ሲል ቩ ፕሌ፣ ኡስታዝ፣ ተቀመጥ» ይለኛል። በትህትና የሚናገር ሰው ነው። ሐዲዱ ከማቆሚያው ሥር እንደሚያልፍ፣ መሬቱም የመንግሥት እንደሆነ ነገርኩት። «ያኒ፣ ወረቀቱ እንደዚያ ሊል ይችላል» አለኝ። «ግን አስፋልቴን የነካ ሰው በእግሩ አይመለስም። ጻፈው፤ ስሜንም ጻፍ።» ጻፍኩት።

ጥቃቱ የመጣው በመጋቢት ወር አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። እኔ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆሜ ነበር። ከመኪና ማቆሚያው በኩል አምስት ሞተር ብስክሌቶች ወጡ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሰው ነበር፤ ከኋላ የተቀመጡት ብረት ይዘዋል። ትርሲት ነፋች። ሠራተኞቹ ወረዱ፤ እኔም ወረድኩ። ኢድሪስ ግን ከቦዩ አፍ ላይ ተመልሶ ሮጠ። መፍቻውን ሐዲዱ ላይ ረስቶት ነበር።

ሞተሮቹ በትርሲት ግራና ቀኝ አለፉ። ከመካከላቸው አንዱ ሲያልፍ በብረቱ ጆሮዋ ላይ መታት። በጉልበቷ ወደቀች። ወዲያው ተነሥታ ፊቷን ወደዚያው ወደ መኪና ማቆሚያው አድርጋ ቆመች። ከኋላዋ ኢድሪስን ከበቡት። መፍቻውን አንስቶ ክንዱን ሲያነሳ ብረቱ ክንዱ ላይ አረፈ። የአጥንቱን ድምፅ ቦዩ ውስጥ ሆነን ሰማነው። ሲወድቅ በጫማ ፊቱን ረገጡት፤ ጎኑን፣ ወገቡን፣ እንደገና ፊቱን። በዚያው ጠዋት የገባው አዲስ እንጨት ላይ ደሙ ፈሰሰ። በስሟ ጠርቶ ጮኸ። «ትርሲት! ትርሲት!» እያለ ጮኸ።

አልዞረችም።

ሞተሮቹ በመጡበት ሲመለሱ ሠራተኞቹ ከቦዩ ወጥተው ኢድሪስ ላይ ተደፉ። አስቴር የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ፣ ቁጥቋጦ በመመንጠር ሥራ የተቀጠረች፣ ነጠላዋን ቀድዳ ፊቱን መጥረግ ጀመረች። ያኔ ጥሩንባው ለሁለተኛ ጊዜ ተነፋ። ረጅም፣ ሳያቋርጥ። ማንም ሊሰማው አልፈለገም። ግን ሰማነው። ኢድሪስን በእግሩም በሰደርያውም እየጎተትን ቦዩ ውስጥ ጣልነው፤ «ኸላስ!» ብላ የጮኸችው አስቴር ነበረች። ትርሲት ወደ ጎን ዘለለች። ከመኪና ማቆሚያው የወጣ ፒክአፕ በሐዲዱ መሀል በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ኢድሪስ ተኝቶበት የነበረውን ቦታ አለፈ። የእጅ ጋሪያችንን ጠፍጥፎ፣ ግንቡ ጋ ዞሮ፣ በመጣበት ተመለሰ።

አቧራው ሳይበርድ አስቴር ከቦዩ ወጥታ ትርሲት ፊት ቆመች። እጇ በደም ርሷል።

«ሲገድሉት ዝም ብለሽ ቆመሽ! ስምሽን እየጠራ! አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ልብ የለሽም?»

«ዞሬ ቢሆን ፒክአፑን ማን ያየው ነበር?»

«ስምሽን እየጠራ ነው የምልሽ!»

«ሰምቻለሁ።»

አስቴር እግሯ ሥር ተፋች። ትርሲት ጆሮዋን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ደሙን አየችው፤ ሱሪዋ ላይ ጠረገችው፤ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በዚያ ጆሮዋ ከዚያ ወዲህ በደንብ አትሰማም ነበር። ይህንን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ለሥራ መሪው ለሙአለም ጁርጅ እንዳልነግርባት አስጠንቅቃ።

ከወራት በኋላ ኢድሪስ ክንዱ ጠምሞ ተመለሰ። መጀመሪያ የሄደው ወደ እሷ ነው። በፊቷ በኩል ዞሮ ቆመ።

«መፍቻዬ ተገኘ?»

«አልተገኘም። አዲስ ተገዝቷል።»

«ኢድሪስስ?»

«ኢድሪስ ያው አሮጌው ነው» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጨረሻ ወርዶ «ኸላስ» የሚለው ሰው ኢድሪስ እንዲሆን ራሱ ለመነ። ከባድ ነገር ማንሳት ስለማይችል ቡሎን ብቻ ያጠብቃል። ድምፁ ግን የጎዳው ነገር የለም። በደህና ጆሮዋ በኩል እንዲጮኽ የት መውረድ እንዳለበት እሷ አሳይታዋለች።

ለምን ይህን ሥራ እንደያዘች ጠይቄያት ነበር። በቤት ሠራተኝነት የሚገኘው ገንዘብ ይሻል ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦ በወይራ እየበላች መለሰችልኝ። ነገሩ የሆነው ገና በአሠሪዋ በማዳሟ ቤት ስትሠራ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዶራ ላይ ቫን ተሳፈረች። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች አንድ በአንድ ወረዱ። ሹፌሩ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቅያስ ገባ።

«ሹ ሃዳ? ይሄ ምንድን ነው? አልኩት። መንገዱ ተዘግቷል አለኝ። አልተዘጋም። በመስታወቱ እያየኝ ይስቃል። በሩን ከፍቼ ዘለልኩ።»

«በምን ያህል ፍጥነት ይሄድ ነበር?» አልኳት። ሙያ ነው፤ ይጠየቃል።

«ፍጥነቱን አላየሁም፣ ጋሼ። አስፋልቱን ነው ያየሁት።» ጠባሳዋን በጣቷ ነካች። ቀጥላም፦ «የባቡር ሹፌር ቅያስ ውስጥ አይገባም። ቢፈልግ እንኳን አይችልም። በሐዲዱ መሄድ ነው፤ ጣቢያው ላይ መቆም ነው። እዚህ ሰፈር በየሕንፃው ስንት ሴት እንዳለ ታውቃለህ? እሑድ እሑድ በዚያ ቫን የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ይቺ ባቡር እስክትሄድ እዚህ እቆማለሁ። አንድ ቀን ብቻ ተሳፍሬባት ዶራ ከወረድኩ ይበቃኛል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ተናግራ አታውቅም።

የምትኖረው ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ነበር፤ ከአስቴርና ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው። ሰፈሯ ያለበት የደቡቡ ዳርቻ ዳሂየ በቦምብ በሚደበደብበት ሰሞን አንድ ጠዋት ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር በነጭ አቧራ ተሸፍኖ ሥራ ገባች። ከጎናቸው ያለው ሕንፃ ተደርምሷል። ከፍርስራሹ ሥር የወጣውን የጎረቤቷን እጅ ይዛ እስኪቀዘቅዝ መቀመጧን አስቴር ነገረችኝ። ሙአለም ጁርጅ ወደ ቤትሽ ሂጂ አላት። «የቱ ቤት?» አለችው፤ ጥሩንባውን አጥልቃ ሄዳ ቆመች። በዚያን ቀን የስለላ ድሮን ከራሳችን በላይ ሳያቋርጥ ያጉረመርም ነበር። ሁላችንም ቀና እያልን ስናየው እሷ ብቻ አላየችውም። ከላይ የሚመጣው የእሷ ሥራ አልነበረም። አስቴር ያን ዕለት ከስድቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ወሰደችላት፤ በፊቷ በኩል ዞራ ሰጠቻት።

ከፊቷ ሳይዞር የሚያገለግላት ሰው አንዲት ብቻ ነበረች። ትርሲት ከምትቆምበት ቦታ በስተኋላ፣ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ሰናይት የምትባል የጎጃም ልጅ ልብስ ታሰጣለች። ማዳሟ ከቤት አታስወጣትም፤ በሩም ይቆለፋል። ሰናይት ከዚያ በረንዳ ሆና ከትርሲት ጀርባ ጋር ወዳጅነት መሠረተች።

«ትርሲዬ! ጀርባሽ ዛሬ ደከመው እንዴ?»

«ጀርባዬ ምን ሆነ? ሆዴ ነው እንጂ።»

«ዛሬ ማዳሜ መናቂሽ ገዝታለች። አንድ ሰርቄልሻለሁ፤ ልላከው?»

ሰፈሩ ከሱቅ ዕቃ በሚያስገባበት ቅርጫት ቂጣውን በገመድ ታወርዳለች። ትርሲት ቀኝ እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋለች፤ ዓይኗ ከፊት ሳይነሳ በዳሰሳ ታነሳለች፤ ገመዱን ሁለቴ ትነቀንቃለች። ቅርጫቱ ይወጣል። ይህን ሳይ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም።

«ፊትሽ ምን እንደሚመስል ሳላውቅ ልሞት ነው» ትላታለች ሰናይት።

«ከጀርባዬ አይበልጥም።»

«ምሳ ሰዓት ላይ እንኳን ቀና በይ!»

«ምሳ ሰዓት ላይ ማዳምሽ ቤት ናት፤ አንቺ ማድ ቤት ነሽ። እኔ ምን ላድርግ?»

ሰኞ ዕለት፣ ከመሞቷ በፊት ባለው ቀን፣ ሐዲዱ ግንቡ ጋ ደረሰ። ሥራው እንዲቀጥል ግንቡ በማሽን ፈረሰ። እኔም ፎቶ ላነሳ ሄጄ ነበር። በፈረሰው ግንብ በኩል ከማዶ ያለው የመኪና መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትርሲት ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ጠብቃ ወደ ሙአለም ጁርጅ ሄደች።

«ሙአለም፣ ጀርባዬ ተከፈተ። በዚያ በኩል ሰው አቁም።»

«ሥራው መዘግየት የለበትም፣ ሀቢብቲ። መክተቡን፣ ዋናውን ቢሮ፣ ሌላ ጠባቂ ጠይቄያለሁ። የሚቀጥለው ሰኞ ይመጣል።»

«ነገ ማክሰኞ ነው።»

«ያኒ፣ ስድስት ቀን ነው። ምን ይመጣል? ናዲም በዚያ በኩል ነው ያለው። ያላ፣ ምሳሽን ብይ።»

«ከሠራተኞቹ አንዱን ስጠኝ።»

«ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው።»

ሙአለም ጁርጅ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራው ዘግይቶበት ነበር። ትርሲት ምሳዋን በልታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ቦታዋ ቆማ ሳለ ሰናይት ከላይ ተጣራች፤ ወሬው በረንዳው ደርሷል።

«እኔ አለሁ አይደል? ጠዋት ጠዋት ልብስ አሰጣለሁ፤ ሁለቱም በኩል ይታየኛል።»

ትርሲት ዓይኗን ከመኪና ማቆሚያው ሳታነሳ መለሰች።

«እንግዲያው ስሚኝ፣ ሰናይት። የሆነ ነገር ካየሽ ‹ንፊ› በይኝ። ‹ዙሪ› እንዳትዪኝ።»

«እሺ፣ እመቤት!»

«አትሳቂ። ምን አልኩሽ?»

«‹ንፊ›።»

«ሌላስ?»

«‹ዙሪ› አልልም። አይ፣ ትርሲዬ፣ ልጅ አደረግሽኝ እኮ።»

በማግሥቱ ጠዋት እኔ በቦታው አልነበርኩም። ቀጥሎ ያለውን የጻፍኩት ከኢድሪስ፣ ከአስቴርና ከሰናይት ነው። ሦስቱንም ለየብቻቸው አነጋግሬያለሁ፤ ሰናይትን ከቦዩ ጠርዝ ሆኜ፣ እሷ በረንዳው ላይ ተደብቃ።

ሥራው ገና እንደተጀመረ ነው። ጄኔሬተሩ ይጮኻል። ሠራተኞቹ አሁን ወደ ፈረሰው ግንብ ተጠግተዋል። ኢድሪስ ከሁሉም ይልቅ ወደ ትርሲት በኩል ቀረብ ብሎ፣ ሁለት ሐዲዶች በሚጋጠሙበት ቦታ ተንበርክኮ፣ ቡሎን ያጠብቃል። ሰናይት አንሶላ እያሰጣች ነው። ፒክአፑ በፈረሰው ግንብ በኩል ሲገባ ያየችው እሷ ነች። ወደ ሠራተኞቹ ጮኸች፤ በጄኔሬተሩ ድምፅ ማንም አልሰማትም። ወደ ትርሲት ጮኸች።

«ዙሪ!» አለቻት። «ትርሲዬ፣ ዙሪ! ዙሪ!»

ሰናይት ይህንን ስትነግረኝ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «‹ንፊ› ልል ነበር» አለችኝ። «አፌ ላይ የመጣው ግን ‹ዙሪ› ነው። ሰው መኪና ሲመጣበት ዙር አይደል የሚባለው?»

ትርሲት አልዞረችም። ጥሩንባውን አንስታ ነፋች።

ሦስቱም ምስክሮች አንድ ረጅም፣ ከዚያ ሌላ ረጅም መሰማቱን ይናገራሉ። ሠራተኞቹ አላዩም፤ አልጠየቁም፤ ወደ ቦዩ ወረዱ። አስቴር ስትወርድ የፒክአፑ ንፋስ ቀሚሷን እንደመታው ትናገራለች። መጨረሻ የወረደው ኢድሪስ ነው። «ኸላስ!» ብሎ መጮኹን ይምላል። አስቴር ሰምታዋለች። ሰናይትም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆና ሰምታዋለች። ሦስተኛው ጥሩንባ ተጀምሮ ነበር፤ አላለቀም።

ትርሲት «ኸላስ» የሚለውን ሰምታ እንደሆነ ማረጋገጥ አልቻልኩም። ሰናይት በመጨረሻ ያየችው ጀርባዋን ነው።

ፒክአፑ በመኪና ማቆሚያው በኩል ወጥቶ ሄደ። ሹፌሩ እስካሁን አልተያዘም። ማን እንደላከው ፖሊስ አላስታወቀም። ናዲም በዚያ ጠዋት ከተማ ውስጥ እንዳልነበረ ተናግሯል፤ ይህንንም የሚያረጋግጥ ወይም የሚያስተባብል ሰው አላገኘሁም። ሥራው ቆሟል። ሰናይትን ካነጋገርኳት በኋላ ማዳሟ በረንዳውን በአሉሚኒየም መከለያ ዘግታዋለች።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፖሊስ ቦታውን እንዳይ ፈቀደልኝ። ሠራተኞቹ እቃቸውን ትተው መውረዳቸውን በዓይኔ ለማየት ፈልጌ ነበር። ዶማዎቹ ተበትነዋል። ሁለት የብረት መፈንቀያ ፓሎዲፌሮዎች ጠጠሩ ላይ ተጋድመዋል። የአስቴር አንድ ጓንት እንጨቱ ላይ ነበር። ኢድሪስ ተንበርክኮበት ወደነበረው መጋጠሚያ ሄድኩ። መፍቻው እዚያው ነበር። እጀታው በጎማ ተረግጦ ጎብጧል፤ አፉ ቡሎኑን እንደነከሰ ነው።